የፊልም ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ አህያዋ ሂሳቧን ከፍላለች

የፊልም ክበብ ሲባል ብዙ ሰው «አርብ ከሰዓት ቁጭ ብለው ይዝናናሉ» ብሎ ነው የሚያስበው። እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ድረስ እንደዛው ነበር። መብራት ሲጠፋ ተበተንን፣ ሲመጣ ተሰበሰብን፣ ፕሮጀክተሩን ከሳይንስ ክበብ ጋር ተሻማን። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም። ክበቡ ክበብ የሆነው ከገና በፊት አንድ የአሳማ ፊልም ካየን በኋላ ነው።

የአሳማ ፊልም ላሳይ ነው ስል መምህራን ክፍል ውስጥ የተሳቀብኝን ሳቅ አልረሳውም። ልጆቹም «እረ ቲቸር!» አሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ አፍ። በሌላ በምንም ጉዳይ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። አብዛኞቹ አሳማ በአካል አይተው አያውቁም። የፒያሳና የአራት ኪሎ ልጅ አሳማ የት ያገኛል?

ፊልሙ «ቤብ» ይባላል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስ ኑናን ነው፤ ጽሑፉን አብሮት የጻፈውና ፕሮዲውስ ያደረገው ደግሞ ጆርጅ ሚለር፣ ያ በረሃ ለበረሃ መኪና ከመኪና የሚያላትመውን «ማድ ማክስ» የሠራው ሰውዬ! ታሪኩ ቀላል ነው። እናቱን ያጣ የአሳማ ግልገል አንድ ገበሬ ቤት ይገባል፣ የበግ ጠባቂ ውሻ እንደ ልጇ ታሳድገዋለች፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ በግ ጠባቂ ሆኖ ለውድድር ይቀርባል። እንስሳቱ እርስ በርስ ያወራሉ፤ ሰዎቹ ግን አይሰሟቸውም።

መጽሐፉን የጻፈው እንግሊዛዊ፣ ዲክ ኪንግ ስሚዝ፣ ሃያ ዓመት ያህል ገበሬ ነበር። እርሻው አላዋጣ ሲለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው፤ የአሳማውን ታሪክ ያሳተመው ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ.። ይህንን ለሳቁብኝ ባልደረቦቼ ነግሬያቸዋለሁ። ገና ጊዜ አለን ማለት ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ድመቷ ግልገሉን «ሰዎቹ የሚያኖሩህ ሊበሉህ ነው» የምትልበት ቦታ አለ። የፊልሙ ትልቁ ድንጋጤ እሱ ነው። የኛ ልጆች ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ አሳማ የማይበላበት ቤት ያደገ ልጅ ምኑ ያስደነግጠዋል? ከኋላ ወንበር አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ግን «ቲቸር፣ ለበዓል እንደታሰረው በግ ማለት ነው?» ስትል ሁሉም ገባቸው። ፊልሙን አቁመን ስለ በግ ማውራት ጀመርን። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣው፣ ግቢው ጥግ ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጮኸው፣ ልጆቹ ሳር እያበሉ ስም ስለሚያወጡለት በግ። አንዱ «እኔ ስም አላወጣለትም፣ ስም ካወጣህ ጥብሱ አይወርድልህም» አለ። ሌላዋ በዓል በመጣ ቁጥር በጠዋት አክስቷ ቤት እንደምትላክ ነገረችን፣ ለምን እንደምትላክ ያወቀችው ግን አሁን ነው። ደወሉ ተደውሎ እንኳን የሚነሳ ጠፋ። ለነገሩ በፊልሙ ውስጥ ለገና የምትታረደው ዳክዬ ናት፣ ግልገሉ ይተርፋል። ይህን ያወቁት በሚቀጥለው አርብ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እያስጨነቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ። «ቀጥሎ ምን እናያለን?» ቀረና «እንዴት ነው የሠሩት?» መጣ። ይህን ጥያቄ መመለስ ደስ ይላል። አሳማ ቶሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ግልገሉ እንደ ግልገል እንዲታይ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ብቻ 48 አሳማ ተጠቅመዋል። አንዳንዱ ትዕይንት ላይ የምናየው እውነተኛ እንስሳ ነው፣ አንዳንዱ ላይ በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት፣ ሲያወራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእውነተኛው እንስሳ አፍ በኮምፒውተር እየተሠራ የተገጠመ ነው። ፊልሙ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንዱን ያገኘው በዚሁ በልዩ ውጤት ዘርፍ ነው። የተፎካከረው ወደ ጨረቃ ስለተደረገ ጉዞ ከሚያወራው «አፖሎ 13» ጋር ነበር። አሳማ መንኩራኩርን አሸነፈ! ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ ያጨበጨቡትን ጭብጨባ ዳይሬክተር ቢሮ ድረስ ሰምተውታል፣ መጥተውም ጠይቀውናል።

እኔ ግን ቴክኖሎጂው ብቻ አይመስለኝም። እንስሳ በማውራቱ ብቻ አያስቅም። መጀመሪያ እንስሳውን በደንብ ያየ ሰው ሲያናግረው ነው የሚያምረው። በጎቹ እንደ በግ ይፈራሉ፣ ውሾቹ እንደ ውሻ በሥራቸው ይኮራሉ፣ ዳክዬው እንዳይበላ ብሎ በየማለዳው እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ ሥራውን የምትቀማ የማንቂያ ሰዓት ስትገዛ ደግሞ ሰዓቷን ለማሰረቅ ይዶልታል። ብዙ የልጆች ፊልም ላይ አንበሳውም ጦጣውም አንድ ዓይነት ቀልደኛ ልጅ ነው። እነዚያን ማሳየት ትቻለሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ትዕይንት ብቻ መርጠን ድምፁን ዘግተን በአማርኛ ለመናገር ሞከርን። ግልገሉ በጎቹን እንደ ውሻ ሊያስፈራራ ሄዶ የሚሳቅበት፣ አሮጊቷ በግ የምትገስጸው፣ ይቅርታ ጠይቆ በትህትና ሲለምን በጎቹ ተሰልፈው የሚወጡበት። «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ ቢሉልኝ?» የሚለው ልጅ የስፖርት ቀን ላይ ሰውን ሁሉ እየገፋ የሚሮጠው ነው፣ ስለዚህ ጓደኞቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ዳክዬውን የያዘው ልጅ ለይቶለት የፒያሳ አራዳ አደረገው፣ «አቦ አትጨናነቅ» እያለ። ሚኒ ሚዲያዎች ማይካቸውን አውሰውናል፣ እናመሰግናለን። ብዙ የተለማመደው ግን ትንሽ የሚናገረው ነው። ገበሬውን የሚጫወተው ጄምስ ክሮምዌል በፊልሙ ውስጥ ከቁም ነገር የሚቆጠር ንግግር የለውም፣ ሆኖም ለኦስካር ታጭቷል። የኛውም ገበሬ «ዝም ማለት ይከብዳል ቲቸር» እያለ አማረረ።

ከዚያ የራሳችንን ለመሥራት ተነሳን። ታሪክ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ የተሳፈሩበትን ተረት ማን የማያውቅ አለ? አህያዋ ሂሳቧን ከፍላ ወረደች፣ ስለዚህ መኪና ሲመጣ መንገድ መሃል ቆማ አትነቃነቅም። ፍየሏ ሳትከፍል ሮጠች፣ እስከ ዛሬ መኪና ስታይ ትበረግጋለች። ውሻው ከፍሎ መልስ አልተሰጠውም፣ ይኸው እስከ ዛሬ መኪና እያሳደደ ይጮሃል። አህያ ደግሞ እንደ አሳማው አይደለችም፣ መርካቶ እህል በረንዳ የሄደ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። «አትነቃነቅም» የሚለውን ያላየ የለም።

አሻንጉሊቶቹን ከዱቄት፣ ከጨውና ከዘይት ባቦካነው ሊጥ ሠራን። ሚኒባሱ የወተት ካርቶን ነው፣ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ ተቀብቷል። ለእያንዳንዱ እንስሳ ሦስት አፍ ተዘጋጀ፣ ዝግ፣ ገርበብ ያለና ክፍት። አንድ ቃል ሲናገር አፉ ይነቀላል፣ ሌላው ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሳል። ሲኒማ ቤት የምናየው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ይህ ለኛ የማይታሰብ ስለሆነ በሰከንድ 8 ተስማማን። ለሦስት ደቂቃ ፊልም 1440 ፎቶ ማለት ነው። ስሌቱን የሠሩት በሂሳብ ፈተና ከሚያለቅሱት ሁለቱ ናቸው። በስክሪን ሲታይ የፍየሏ ጉንጭ ላይ የጣት አሻራዎች ይርመሰመሳሉ፣ በየፎቶው ስለተነካች። አንድ ልጅ ሊያስተካክለው ፈልጎ ነበር፣ ሌሎቹ ከለከሉት። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፣ ቆዳዋ የሚነዝር ነው የሚመስለው።

አንድ ችግር ገጥሞን ነበር። ቅዳሜና እሁድ ዕቃ ክፍል ባደረችበት አይጥ የአህያዋን ሁለት ጆሮ በላ። «ቤብ» ውስጥ አይጦች በየምዕራፉ ብቅ እያሉ ይዘፍናሉ፣ የኛዎቹ ግን በልተው ሄዱ። አዲሱ ጆሮ ከድሮው ይረዝማል፣ በተለይ ከታክሲ ስትወርድ ልብ ብላችሁ እዩ።

ድምፅ የቤት ሥራ ነበር። ለፋሲካ በግ የገባበት ቤት ያለ ልጅ በስልክ ቀድቶ እንዲያመጣ፣ ለአረፋ ደግሞ ሙስሊም ልጆቹ። በጥራት ከቀረቡት መሃል በሦስቱ ላይ ከበጉ ድምፅ ጀርባ «ስልኬን አምጣ!» የሚል የእናት ድምፅ አለ። አንዱን ሆን ብለን ሳንቆርጥ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ አደረግነው። የማን እናት እንደሆኑ አልናገርም፣ እሳቸው ግን የወላጆች ቀን ራሳቸውን ሰምተው ከሁሉ በላይ የሳቁት ናቸው።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወያላው «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሁለት ሰው!» ሲል ከኋላ አንድ አባት «ሂሳብ ከፍያለሁ!» ብለው መለሱ። አህያዋ «ወራጅ አለ» ብላ ጎርነን ባለ ድምፅ ስትናገር ደግሞ የሚቀጥለው ንግግር በሳቅ ተዋጠ። ድምፁ ደካማ ነበር፣ የኛ ስፒከር ለአዳራሽ አይሆንም፤ አስተዳደሩ ይህንን ካነበበ እግረ መንገዴን ጠቁሜያለሁ።

የአህያዋ ድምፅ የሆነችው ተማሪ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ከኛ ትለያለች፣ ስለዚህ ተተኪ እንፈልጋለን። የሚቀጥለው ፊልም የሦስቱ በሬዎችና የአንበሳው ነው፤ ነጩ በሬ ማን እንደሚሆን አሁኑኑ ጭቅጭቅ ተጀምሯል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ማይክ የሚፈራም ይምጣ፣ ሊጥ የሚያቦካ አንሶናል።