ልጆቻችሁ እንጦጦ ላይ ስላዩት የዛፍ እብጠት

ለተከበራችሁ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ካለፈው ቅዳሜ የእንጦጦ ጉዟችን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጥያቄያችሁ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄ ዛፉ ካንሰር ይዞታል ትላለች፤ እውነት ነው?» አንድ አባት ደግሞ የልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ሎሚ የሚያህል የእንጨት ጉብታ አግኝተው «ይሄ ነገር ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ?» ብለውኛል።

አይተላለፍም። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል እብጠት አየን። ልጆቹ ከበው ምንድነው ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ቤቱ የታመመ ሰው ላለበት ልጅ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ አርሜዋለሁ።

የነገርኳቸውን ለእናንተም ላጫውታችሁ። የዛፍ ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ አለው። እንደ ሰው ካንሰር ካለበት ተነስቶ ሌላ ቦታ አይሰራጭም። ስለዚህ እብጠቱን ተሸክሞ ብዙ ዓመት የሚኖር ዛፍ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ትልቅ ጉብታ ግንዱ ሲቆስል፣ ወይም ሳያቆጠቁጡ የቀሩ እምቡጦች አንድ ቦታ ሲከማቹ ሊመጣ ይችላል። አናጢ ጉጥ ያለበትን ጣውላ አይወድም። የዚህ እብጠት ውስጡ ግን የተጠማዘዘ ውብ መልክ ስላለው፣ ከእንጨት ሳህንና ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ይፈልጉታል።

ቦርሳ ውስጥ የተገኘው ጉብታ ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ የተነሳ ነው። ተቀጽላ የበቀለበት ቦታ ነበር። ተቀጽላ የሌላውን ዛፍ ውሃ የሚመጠምጥ ተክል ነው፤ የተጣበቀበት ቅርንጫፍ ያብጣል። ልጁ እንዳይቆጡት። እንዲያውም ወደ ክፍል ያምጣው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ነፍሳት የሚያመጡት ነው። አንዲት ተርብ ቅጠል ወይም ለጋ ቀንበጥ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ተክሉ በዚያ ቦታ ያብጥና ከእንቁላሉ ለሚፈለፈለው ትል ቤትም ቀለብም ይሆናል። ቤቱን የሚሠራው ባለቤቱ፣ የሚኖርበት እንግዳው! ክፍለ ሀገር ቀይ ባሕር ዛፍ የሚያለሙ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ቅጠሉንና ለጋውን የሚያሳብጥ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ተርብ አለች። ችግኝ ላይ ስትበረታ እድገቱን ታቀጭጫለች። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ተርቧም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተከተለችው።

በነገራችን ላይ፣ አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የጻፉበት ጥቁር ቀለም ተርብ ኦክ በሚባል ዛፍ ላይ ከምታመጣው እብጠት ይሠራ ነበር። የእኛዎቹ ጸሐፊዎች በጥላሸት ተገላገሉ።

ግቢያችሁ ጽጌረዳ፣ ኮክ ወይም ፖም ካለ ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን እዩ። እዚያ ሸካራ ጉብታ ካለ ከአፈር በቁስል የሚገባ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ባክቴሪያ የራሱን ዘረመል ቆርሶ ተክሉ ውስጥ ይከታል። መንስኤነቱ የታወቀው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሳይንቲስቶች ለተክል አዲስ ባሕርይ ለመስጠት በእሱው ይጠቀማሉ። እንዲህ ካለው ተክል ችግኝ አታባዙ፤ የቆረጣችሁበትንም መቀስ አጽዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን። ሽፍን ጫማ፣ ውሃና ደብተር ይበቃል። ቤት ውስጥ አጉሊ መነጽር ያላችሁ ብታውሱን ደስ ይለናል። ምላጭና ቢላዋ ግን ቤት ይቅር። ባለፈው አንዱ እብጠቱን ሊከፍት ሲሞክር ደርሼበታለሁ። እብጠቱ ዛፉን አይገድለውም፤ በተቆረጠው በኩል ግን ሌላ በሽታ ይገባበታል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር