የቅዳሜው ፕሮግራም፦ ጃኪ ሚቱ

ሰላም ለሁላችሁም የቶሮንቶ ልጆች፣

የፊታችን ቅዳሜ ተሰብስበን የምናዳምጠው ኪቦርዲስቱን ጃኪ ሚቱን ነው። በሀበሻ ሰዓት 10 ላይ እንጀምራለን፤ ቦታው እንደተለመደው እኛ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ። የሬጌ ሸክላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ማጫወቻ አለ፣ ጥሩ ስፒከር ግን የለንም፤ ማን ያመጣል?

ለማታውቁት፦ በ1948 እ.ኤ.አ. ጃማይካ ተወለደ፣ ፒያኖ ያስተማረችው አያቱ ናት። አባል የሆነበት ስካታላይትስ የተባለው የጃማይካ ባንድ ሲመሠረት ገና 16 ዓመቱ ነበር! ከዚያ ኪንግስተን ውስጥ ስቱዲዮ ዋን ገብቶ ለስንቱ ዘፋኝ ሙዚቃውን ሲያቀናብርና ኦርጋን ሲጫወት ኖረ፤ ያኔ የተቀዱትን ሙዚቃዎች ደግሞ በኋላ የመጡ ዘፋኞች ደጋግመው አዲስ ግጥም እያስገቡ ዘፍነውባቸዋል። ስታዳምጡ ዘፋኙን ለጊዜው ተዉትና ከባሱ በላይ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚንተከተከውን ኦርጋን ተከተሉ። ለእኔ የዘፈኑ ነፍስ እዚያ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደዚሁ ወደ ቶሮንቶ መጣ፣ በ1990 በካንሰር ያረፈውም እዚሁ ነው፣ በ42 ዓመቱ። ከተማችን ውስጥ የኖረ ሰው ነውና ብትችሉ እንዳትቀሩ።

በስካታላይትስ እንጀምር ወይስ በራሱ አልበሞች? የምትመጡ ምርጫችሁን ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ምግብ በልኩ እንዳዘጋጅ።