ከመርከብ ወደ ስኪፖል በባቡር ስለ መሄድ

የተከበራችሁ የራይን ወንዝ ጉዞ ቡድን አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት ከመርከቡ ወርደን ወደ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር አብረን እንድንሄድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መርከባችን የሚቆመው ከአምስተርዳም ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው በደ ራይተርካደ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልገንም፤ ባቡሩም 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመንገደኞች ሕንፃ ሥር ያደርሰናል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በመርከቡ ሰዓት 9:00 ላይ፣ መውረጃው ጋ እንገናኝ።

የባቡሩን ዋጋ የምንከፍለው የባንክ ካርድ በጣቢያው ማሽን ላይ በማስነካት ነው፤ አንድ ካርድ ለሁለት ሰው ስለማያገለግል እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን የባንክ ካርድ ያዙ። ስትገቡ ያስነካችሁትን ካርድ ስኪፖል ስትደርሱም እንድታስነኩ አደራ እላለሁ፤ በስልክ ውስጥ ያለውን ካርድና ፕላስቲኩን ማሽኑ እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ያያቸዋልና።

አብራችሁ የምትሄዱ እስከ ሐሙስ ማታ የሻንጣችሁን ብዛትና የበረራችሁን ሰዓት በዚሁ ግሩፕ አሳውቁኝ።