ለደሴ አንድ ወሬ፣ ለኮምቦልቻ ሌላ ወሬ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ሰሞን ገበያው ሲቀዘቅዝብኝ የፌስቡክ ገጼን ቡስት የሚያደርግልኝ፣ ማለትም ለፌስቡክ ተከፍሎ ለመረጥኳቸው ሰዎች እንዲታይ የሚያደርግልኝ ልጅ አገኘሁ። ለወንድ ነው ለሴት? ከስንት እስከ ስንት ዓመት? ደሴ ብቻ ነው ወይስ ኮምቦልቻም ይግባ? እያለ ጠየቀኝ። ሴቶች፣ ከ18 እስከ 35፣ ሁለቱም ከተማ አልኩት። ማስታወቂያው እህቴ ስልክ ላይ መጣ፣ የእኔ ላይ ግን የለም። ጫማው ተሸጠልኝ፣ ደስ አለኝ። ማታ ግን ሐሳብ ያዘኝ። በዚሁ መንገድ ፖለቲካ ቢሸጥስ?

እጩ አዳራሽ ገብቶ ሲናገር ሁላችንም እኩል እንሰማዋለን። ደሴ ላይ ያለውን ኮምቦልቻ ወርዶ ቢክድ "ኧረ እዚያማ እንዲህ ብለሃል" የሚለው አይጠፋም። ሰፈራችን ቡና ላይ እንኳ ወሬ ያመጣ ሰው ማን ነገረህ፣ የት ሰማህ እየተባለ ከአቦል እስከ በረካ ሲመረመር ነው የሚቆየው። በስልክ ሲሆን ግን ለደሴ ወጣት አንድ ነገር፣ ለኮምቦልቻ ነጋዴ ተቃራኒውን መላክ ይቻላል፤ አንዳችን ለሌላው የደረሰውን ስለማናይ እጅ ከፍንጅ የሚይዘው የለም። ውሸት ድሮም ነበር። ምስክር የሌለው ቃል ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ሳያውቁት እጁ እንደገባ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጋልጧል። የአሜሪካው የ2016 ምርጫ ላይ ለትራምፕ ቅስቀሳ የሠራ ኩባንያ ነው። መረጃው የተሰበሰበው ፌስቡክ ላይ በተለቀቀ የጠባይ መጠይቅ ነው። የሞሉት ወደ 270 ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ የቀሩት ጓደኛቸው ስለሞላ ብቻ ነው የተወሰደባቸው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከፈለና ሥራውን ቀጠለ።

እኛ አገር የምርጫ አዋጁ 1162/2011 ፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን ነፃ የአየር ሰዓት እንዲያገኙ ይላል። ጥሩ ነው፣ ገንዘብ የሌለውም ይሰማል። ግን እስቲ ሱቄ የሚገቡትን ወጣቶች እዩዋቸው፤ ሬዲዮ የሚከፍት ስንት ነው? ሁሉም ስልኩ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ብር ያለው ሌት ተቀን ይናገራል።

"እንግዲያው ኢንተርኔቱ ይዘጋ" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። መዘጋቱንማ እኛ እናውቀዋለን። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ዘመድ ይሙት ይዳን ሳናውቅ ሰነበትን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዕቃ የማዝበትን ቴሌግራም እንኳ መክፈት አልቻልኩም። ወሬው ቆመ? ኧረ ባሰበት! ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር የሰማውን ያወራልናል፣ ሌላ የምናመሳክርበት ስለሌለን ያንኑ ይዘን እናድራለን። ማን እንደዘጋው፣ መቼ እንደሚከፈት የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም፤ ማስታወቂያውን ማን እንደከፈለበት እንደማናውቀው ሁሉ።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። ማንኛውም ፓርቲ በፌስቡክም በቲክቶክም የከፈለበትን መልእክት፣ ለየትኛው ከተማና ዕድሜ እንደላከውና ስንት ብር እንዳወጣበት ለምርጫ ቦርድ ያስመዝግብ፣ ቦርዱም ሁላችንም በምናየው ቦታ ያውጣው። ለሱቄ ታክስ እያንዳንዱን ደረሰኝ የምጠየቅ ሰው ነኝ፣ ሊያስተዳድረኝ የሚፈልግ ይሄን ቢጠየቅ ምን ይከብደዋል?

እናንተም ብትሆኑ የተከፈለበትን ጽሑፍ ከዜናው ለይታችሁ "ማስታወቂያ" ብላችሁ ጻፉበት። ለቃለ ምልልስ የሚመጡትን የፓርቲ ኃላፊዎች ደግሞ ለማኅበራዊ ሚዲያ ስንት ከፈላችሁ፣ ገንዘቡን ከየት አመጣችሁ ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱን እጠብቃለሁ።

የጫማ ነጋዴው፣ ከደሴ ፒያሳ