ምንጣፉን መጀመሪያ ገልብጡት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ቤት ማስዋብ ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ የድሮ የእጅ ስራ የሱፍ ምንጣፍ ያለው ሰው በደንብ አሳጥቦ አዲስ ያስመስለው የምትል ምክር አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ፣ እኔ በዚችው ምክር ነው የተቃጠልኩት። ከአክስቴ የደረሰኝ የባሉች (በኢራንና በአፍጋኒስታን በኩል ያለ ህዝብ) ምንጣፍ ነበር፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ አጣቢው በረኪና አስነክቶ መለሰልኝ። ቀዩ ነጩ ላይ ፈሶ ሮዝ ሆኗል፣ ሲዳስሱት ለስለስ ወዛ ይል የነበረው ሱፍ እንደ ገለባ ደርቋል። በረኪና ሱፍን ይበላዋል በቃ።

እንዲህ ያሉትን ምንጣፎች የሰሩት በኢራንና በመካከለኛው እስያ በኩል ያሉ የባሉች፣ የቱርክመን፣ የቃሽቃይ አርብቶ አደር ሴቶች ናቸው፣ ድሩን መሬት ላይ በካስማ ወጥረው ይሰሩና ሰፈሩ ሲነሳ ያላለቀውን ጠቅልለው ጭነው ሌላ ቦታ ይቀጥሉታል፣ አንዱ ጫፍ ሰፋ ሌላው ጠበብ ቢል ከዛ ነው። ቀዩ መሀል ላይ ድንገት ወደ ብርቱካን ሲሄድም ሰው ጸሀይ የመታው ይመስለዋል፣ ሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ስለገባ እኮ ነው፣ የሙያው ሰዎች አብራሽ ይሉታል፣ እኔ ከምንጣፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር።

ቀለሙን በተመለከተ ድሮ ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ስር፣ ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባል ተክል ነበር የሚወጣው። በሳይቤሪያ በአልታይ ተራሮች ከበረዶ መቃብር በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓዚሪክ ምንጣፍ ከ2200 አመት በላይ ሆኖት ቀዩ ዛሬም ቀይ ነው። ችግሩ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ቀለም ካገኘ በኋላ መጣ፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ሸማኔዎቹም እጅ ገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ብዙዎቹ ብርሀን ሲያገኛቸው ይነጣሉ ውሀ ሲነካቸው ይለቃሉ። ስለዚህ 100 አመት የሞላው ምንጣፍም ቀለም ሊለቅ ይችላል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይችን አውጡልን፣ ምንጣፉን ገልብጡት፣ በእጅ የተቋጠረ ከሆነ አበባው ከጀርባም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዘርፉም የድሩ ጫፍ ነው እንጂ የተሰፋ አይደለም። ከዛ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥግ ላይ እያንዳንዱን ቀለም ጫን አድርጉበት፣ ጨርቁ ከቀላ ማንም አጣቢ እንዳይነካው። ሶፋ ስር ያለውንም ጎን በየጊዜው አንስታችሁ እዩ፣ ብል የሚወደው ጨለማውን ነው።