ስኮላርሺፕ ሲባል ለምን ቦሌ ብቻ ይታየናል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሞጣ፣ ጎጃም ነው። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል በጻፈ ቁጥር አነባለሁ፣ ሁልጊዜም ነገሩ ፓስፖርትና ቪዛ ነው። ስኮላርሺፕ ሲባል ለእኛ ሰው ቶሎ የሚታየው ቦሌ ነው። ልጁ ሄደ፣ ተሳካለት፣ እልል! እኔ ግን የማወራው እዚሁ ስለሚቀሩት ነው። አርኪዮሎጂ፣ ማለትም የጥንቱን ሰው ኑሮ ከመሬት ከተገኘ ቅርስ የሚያጠናውን ትምህርት፣ ተምረው፣ መመረቂያ ጽሑፋቸውን በገዛ አገራቸው መሬት ላይ ሊሠሩ ተነሥተው፣ በአውቶቡስ ሒሳብ ስለሚሸነፉት።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ለማስተርስ ጥናቷ ወደዚህ መጥታ ነበር። ያደገችው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ ማረሻ የሚያወጣውን ገልና ባልጩት እየለቀመች ትጫወትበት ነበር፤ ሐሳቡም የመጣላት ከዚያ ነው። መቆፈር አልፈለገችም። መሬት ላይ የተበተነውን እየዞሩ መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ቦታውን በጂፒኤስ መያዝ፣ በቃ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመፈለግም ሆነ ለማጥናት የጽሑፍ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ወረቀቷን ሁሉ አሟልታ ነው የመጣችው። ለሦስት ሳምንት አስባ መጣች፣ በስድስተኛው ቀን ብሯ አለቀ። ለጥናት ተብሎ የተሰጣት ገንዘብ (ማን እንደሰጣት ይቅር) ተሟጦ ያለቀው ለአውቶቡስና ለባጃጅ ነው። አልጋ እንኳ አልያዘችም፣ እኛ ቤት ነው ያደረችው። "ቲቸር፣ የቀረውን 'ለወደፊት ጥናት' ብዬ እጽፈዋለሁ" አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው መጨረሻው ላይ "ለወደፊት ጥናት" ብሎ የተዘጋው!

አንድ ሽማግሌ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ መርተዋታል። ሰው "ወርቅ ፍለጋ ነው የመጣችው" እያለ ሲያጉረመርም ያረጋጉትም እሳቸው ናቸው። የድካማቸውን ልትሰጣቸው አልቻለችም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ግን እስከ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ያቺ ልጅ ምን አገኘች?" ይሉኛል። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

በዓለም ላይ ገንዘብ ጠፋ እያልኩ አይደለም። ሊኪ ፋውንዴሽን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ባልድዊን የሚባል ድጋፍ አለው፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ነው፣ ማስተርስም ዶክትሬትም። ነገር ግን የሊኪ ጉዳይ የሰው ዘር አመጣጥ ነው። የሺህ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ይዘህ ብትሄድ ገና ልጅ ነው ይሉሃል። ዌነር ግሬን የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ፋውንዴሽን ደግሞ ለመስክ ሥራ ገንዘብ ይሰጣል፣ ያ ግን ለዶክትሬት ተማሪ ነው። እንግዲህ የእኛዋ ልጅ ማስተርስ ላይ ናት፣ የምታጠናው የሸክላ ስባሪ ነው። ለሁለቱም አትሆንም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ፎርም መሙላት ምን እንደሚመስል አልጨምርም።

"ተማሪ ምን ያገኛል?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ብዙ! አሁን የዓለም ስም የሆነው የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ1987 ዓ.ም. አፋር፣ አራሚስ ላይ አርዲ የተባለችውን የጥንት ፍጡር የእጅ አጥንት ያገኘው ገና የድህረ ምረቃ ተማሪ ሳለ ነው። ከዚያ ተነሥተው ነው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አጽም የለቀሙት። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝም ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ከጆሃንሰን ጋር የነበረው ሰው ተማሪ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሌላ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንዲት አሜሪካዊት የዶክትሬት ተማሪ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጌምድር ውስጥ፣ ሁለት ዋሻ ቆፈረች። አንዱ ላሊበላ ይባላል፣ የምናውቀው የላስታው ላሊበላ ግን አይደለም። ከዚያ ገብስና ሽምብራ ወጣ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ። እስካሁን ስለ ሰሜኑ አገራችን የእርሻ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የዚያችን ተማሪ ሥራ ሳይጠቅስ አያልፍም። ሐይቁን ተሻግሮ ጎጃም ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ጤፍን ልብ በሉ። የጎጃም ሰው የበቸና ጤፍ፣ የአደት ጤፍ እያለ ይኮራል። ግን ጤፍ መቼ ተለምዶ ሰብል ሆነ ቢባል ምሁራኑም ገና እየተከራከሩ ነው። ፍሬዋ ከማነሷ የተነሣ በተራ ቁፋሮ አትያዝም። ዘዴው ደግሞ የሚገርም ቀላል ነው፤ ከድሮ ምድጃና አመድ የተወሰደውን አፈር ውኃ ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ የከሰለው ፍሬ ይንሳፈፋል፣ በጥቅጥቅ ወንፊት ትይዘዋለህ። ባልዲና ወንፊት! ውድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዕድሜውን ለማስለካት ውጭ አገር ላብራቶሪ ይላካል፣ አንዷ ናሙና ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ትበላለች። ደመወዝ የሌለው ተማሪ ይህን ከየት ያመጣል?

ሰባራ ድልድይንም ተመልከቱ። እዚሁ አጠገባችን፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ። መሐሉ የተሰበረው በጣሊያን ጊዜ ነው። ሰዉ "የፖርቹጋሎች ሥራ ነው" ይላል፣ መጽሐፉ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ፋሲል አሠሩት ይላል፤ የፖርቹጋሎቹን ወዳጆች፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሆኑትን ኢየሱሳውያን፣ ከአገር ያባረሩት ራሳቸው ፋሲል መሆናቸውን እንግዲህ አትርሱ። ኖራው በእንቁላል የተለወሰ ነው የሚባለውስ እውነት ነው ወይ? ይህ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ይወጣዋል። ትንሽ ኖራ፣ የላብራቶሪ ክፍያ፣ የመንገድ ወጪ። እዚሁ ጎጃም ያለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያምም ያው ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯት፣ ድንጋዩ እንደ ጥልፍ የተጠረበ፤ ትውፊቱ ደግሞ ቦታው ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፣ የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋበት ነበር ይላል። ካህናቱ የሚሉትን መናቅም፣ ሳይመረምሩ መቀበልም አልወድም። ካህናቱንና ሀገረ ስብከቱን አስፈቅዶ የሚጠይቅ ተማሪ ነው የምፈልገው።

እና ምን ይደረግ? ትልቅ ፋውንዴሽን፣ አርማ፣ ምሥረታ በዓል፣ ቲሸርት አላልኩም። እንደዚያ ከተጀመረ ገንዘቡ አዳራሽ ኪራይና ውኃ ላይ ያልቃል፣ አይተነዋል። በዓመት ለሦስት ተማሪ የመስክ ወጪ ይሰጥ። ውጭ ያሉ የጎጃም ልጆች ለአንድ ሠርግ ቪዲዮ ብቻ የሚያወጡትን አውቃለሁ፣ ልጄም አንዱ ነው፣ ስለዚህ አይቀየሙኝ። ነጋዴውም አለ፣ ዕድሩም አለ። ብሩን ለተማሪው በአንዴ አትስጡት፣ ግማሹ ሲሄድ፣ ግማሹ ሲመለስ። ከውስጡ መንገድ ለሚመሩት ሽማግሌዎች የሚከፈል ተለይቶ ይቀመጥ። በነፃ ማሠራት ነውር ነው። አሁን መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ጊዜ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ሰላም ሲሆን ለመጀመር ግን ዛሬ መሰብሰብ ይቻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ብሩን የወሰደ ተማሪ ያገኘውን በአማርኛ አሥር ገጽ አድርጎ ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ መጥቶ ለቀበሌው ሰው ይንገር። የተማሪዬ ጽሑፍ እኔ ጋ በፍላሽ አለ፣ መቶ ምናምን ገጽ እንግሊዝኛ። ለሽማግሌው ግን እስካሁን "ገና ነው አያ፣ እየጻፈችው ነው" እያልኩ እዋሻቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ደነገጠች። ለፋሲካ አሥሩን ገጽ ይዛ እመጣለሁ ብላለች፣ የአውቶቡሱን እኔ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከሞጣ