የወደቀው ጣሪያ ነው፣ ሥራው አይደለም፦ ለቡና ቅጠል ማድረቂያ ቤታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ ነዋሪዎችና ወዳጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ፤

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ወሬው ቀድሞን እንደደረሳችሁ እናውቃለን። በሐምሌ አጋማሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረው ዝናብና ነፋስ የማድረቂያ ቤታችን ጣሪያ ወድቋል። ቤቱ፣ ዘይትና ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ንጥር የምናወጣበትን የቡና ቅጠል የምናደርቅበት ነው። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ጋሼ ዘበኛው በዚያ ሰዓት ብሎኬቱ ክፍል በረንዳ ላይ ተጠልለው ነበር፣ ተመስገን ነው። ቆርቆሮው ግማሹ ተጣጥፎ ጓሮ ተገኝቷል። ማገሩና ወራጁ ቅጠሉ የሚደርቅባቸውን የሽቦ አልጋዎች ተጭኗቸዋል። ከየካቲት ጀምሮ እናቶቻችን በጥላ አድርቀው በጆንያ ያስቀመጡት ቅጠል ውሃ ጠጥቶ ሻግቷል። «እንደገና አድርቀን እንጠቀምበት» ያሉ ነበሩ፤ ኮሚቴው አልተስማማም። ሻጋታ የነካው ቅጠል ወደ ሰው አፍ አይገባም። ሁሉም ተመዝኖ፣ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ፣ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ገብቷል።

ከወሬው ጋር ግን «ፕሮጀክቱ ወደቀ» የሚል ነገር አብሮ እየዞረ ነው። ይህ ልክ አይደለም። ማትነኛው (አልኮሉን የሚያተነው) ማሽን፣ ወፍጮው፣ መዘፍዘፊያ በርሜሎቹና ጄኔሬተሩ በብሎኬቱ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይሆኑ ተቀምጠዋል። የጎደለን ቅጠል የምናደርቅበት ደረቅ ቦታ ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ተቆልፎ ከመቀመጥ በቀር ጥቅም የለውም። በእኛ አገር፣ ከሚዛን አማን ወዲያም ወዲህም፣ ዝናቡ የሚያርፍበት ወር ጥቂት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ጥሪ በዛብን የምትሉ አላችሁ፤ እኛም መጠየቁ ሰልችቶናል፣ እውነቱን ለመናገር። መጋቢት ላይ ድጋፍ ሊሰጠን ቃል የገባ አንድ ድርጅት ነበር፤ ደብዳቤ ጻፍን፣ ደጋግመን ደወልን፣ «በሂደት ላይ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘንም። እሱን ስንጠብቅ ክረምቱ ደረሰብን። ከእንግዲህ የምንጠብቀው እናንተን ነው።

በቅርብ የተቀላቀላችሁን ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ እናስረዳ። ያረጀ ቡና የሚጎነደለው ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ይቆረጣል። እንጨቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ማሳው ላይ ደርቆ ይቀራል፣ አለዚያም ይቃጠላል። ዝናብ ሲጀምር ጉቶው ቡቃያ ያወጣል፤ ገበሬው ጠንካራውን ሁለት ሦስት ያስቀርና ሌላውን ነቅሎ ይጥላል። ይህ የሚጣለው ለጋ ቡቃያ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም የምንፈልጋቸው፣ ዘይትና ምግብ በአየር እንዳይበላሽ የሚከላከሉት ክሎሮጀኒክ አሲድና ማንጊፈሪን በለጋው ቅጠል ላይ ይበዛሉ። በአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ማንጊፈሪን በብዛት እንደሚገኝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ጨሞ (የቡና ቅጠል መጠጥ) እያፈሉ ያሳደጉን እናቶች ግን ቅጠሉ ዋጋ እንዳለው የነገራቸው ሰው ኖሮ አይደለም፤ ሐረሮችም በበኩላቸው የቡና ቅጠል መጠጣቸውን ቁጢን ሲጠጡ ኖረዋል።

ከምርት ዛፍ ላይ ቅጠል አንሸመጥጥም። ይህን የምንደግመው ባለፈው ዓመት «የሰው ቡና ያራቁታሉ» የሚል ወቀሳ ስለተነሳ ነው። የምንቀበለው የጉንደላና የቡቃያ ቅነሳ ቅጠል ብቻ ነው። የአረም ማጥፊያም ሆነ ሌላ ኬሚካል የተረጨበት ማሳ ቅጠል፣ ዋግ የመታውም ቅጠል፣ በር ላይ ይመለሳል። «ቅጠሉ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን ነበር» ለሚሉንም፣ በአልኮል የተዘፈዘፈው ቅጠል ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት ኮምፖስት ሆኖ ላመጣው ገበሬ ይመለሳል፤ ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አለ።

አሁን ጣሪያው ለምን የሁሉ ነገር ቁልፍ እንደሆነ። አንድ የቡና ቅጠል በእጃችሁ ቀድዳችሁ አስቀምጡት፤ ብዙም ሳይቆይ የተቀደደው ጠርዝ ይጠቁራል። እዚያ ጠርዝ ላይ አየር እያበላሸው ያለው የምንፈልገው ነገር ራሱ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ እንደመጣ ለጥቂት ደቂቃ በእንፋሎት ይመታል፤ የሚያጠቁረው ኢንዛይም ሥራውን ያቆማል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ በሽቦ አልጋ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣል፤ ፀሐይ አይነካውም፣ ከሥርም ከላይም ነፋስ ያገኛል። በእጅ ሲጨብጡት እንደ ደረቅ ወረቀት ካልተንኮሻኮሸ ወደ ጆንያ አይገባም። ከሦስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣል። ከቀኑ ቅጠል ጠቅላላውን የሚያስተናግደው አልጋው ነው፤ አልጋው ደግሞ ያለ ጣሪያ ዋጋ የለውም።

የቀረው ሥራ በክፍሉ ውስጥ ነው። ደረቁ ቅጠል ይፈጫል፤ ውሃ በተቀላቀለበት አልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ይጣራል። አልኮል በተለመደው ሁኔታ የሚፈላው በ78 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ማትነኛው ውስጥ ያለውን አየር ስቦ ግፊቱን ስለሚቀንስ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ያተነዋል፤ ቅጠሉ የሰጠን ነገር አይቃጠልም። የተነነው አልኮል ቀዝቅዞ ተመልሶ ወደ በርሜል ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቡናማ፣ ምላስ የሚያጣብቅ፣ በጣም መራራ ዝልግልግ ነገር ነው። መልኩ ደስ አይልም፣ አንዋሽም።

ግን ሠርቷል። ላብራቶሪ የሚሠራ የአካባቢያችን ልጅ ናሙናውን ወስዶ ሐምራዊ በሆነው መፈተኛ ፈሳሽ ላይ ጠብ ሲያደርግበት፣ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ይህ ለውጥ ንጥሩ አየር የሚያደርሰውን ብልሽት የመከላከል አቅም እንዳለው ያሳያል። እኛ ደግሞ በእኛው አቅም የኑግ ዘይት በሁለት ጠርሙስ ቀድተን፣ አንዱ ላይ ከዝልግልጉ ንጥር ጥቂት ጨምረን መስኮት ላይ አስቀምጠን ነበር። የኑግ ዘይት አየርና ብርሃን ቶሎ የሚጎዳው ዘይት ነው። ቀድሞ ሽታው የተለወጠው ምንም ያልተጨመረበት ጠርሙስ ነው። ይህ የቤት ሙከራ ነው፣ ለገበያ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት የሚጨመረው ለሽታ ብቻ እንዳልሆነ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ የጥብስ ቅጠል ንጥር ኢ 392 በሚል መለያ ለምግብ ዘይትና ለሌሎች ምግቦች ማቆያነት እንዲውል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተፈቅዷል። የቡና ቅጠል ሻይም እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ አግኝቷል፤ ፈቃዱ ለተፈላው ሻይ እንጂ እኛ ለምናወጣው ንጥር አለመሆኑን ግን ልብ በሉ። ለዚህ ነው ደረቁን ቅጠል ለጨሞና ለሻይ ማዘጋጀቱን ጎን ለጎን የያዝነው። መድኃኒት ነው ብለን አንሸጥም። ስኳርና ግፊት ያድናል እያለ በስማችን የሚያሻሽጥ ካያችሁ፣ ከእኛ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ሒሳብ። በየግሩፑ የሚጻፈውን እናነባለን። «ጣሪያ ሳይጠነክር ማሽን ምን ያደርጋል» የተባለው በዝቷል። ማሽኑ የተገዛው ለማሽን ብቻ በተሰጠ ገንዘብ ነው፤ ሰጪዎቹ ለግንባታ እንዳይውል በውል አስረውታል። ወደ ጣሪያ ብናዞረው ዛሬ የምንጠየቀው በሌላ ነገር ነበር። «ለምን በባሕር ዛፍ ተሠራ» ለሚለው፣ ያኔ የብረት ዋጋ በእጃችን ከነበረው በላይ ስለሄደ ጠቅላላ ጉባኤው በእጅ ብልጫ ወስኖ ነው፤ አብራችሁን እጅ ያወጣችሁ ታስታውሳላችሁ። ያ ጣሪያ ሁለት ክረምት ተሸክሞ አሳልፏል፤ በሥሩ በደረቀው ቅጠልም አርባ ያህል እናቶች በኪሎ እየተመዘነላቸው ተከፍሏቸዋል፣ አንዳንዶቹ የልጆቻቸውን ደብተርና ዩኒፎርም የገዙት በዚያ ገንዘብ ነው። ከኮሚቴው አበል የወሰደ የለም። ጅማ ለዕቃ ግዢ የተሄደበት የመኪና ደረሰኝ ሳይቀር በፋይል አለ፤ የፈለገ ሰው ቢሮ መጥቶ ማየት ይችላል፣ መምጣት ያልቻለ በፎቶ ይላክለታል። አልኮሉ ውድ ነው የተባለውም፣ አብዛኛው ተመልሶ የሚሠራበት መሆኑን ከላይ ተናግረናል።

የሚያስፈልገን በጠቅላላው 1,460,000 ብር ነው። ከዚህ 890,000 ለብረት ምሰሶ፣ ለብረት ወራጅና ማገር፣ ለብየዳና ለሠራተኛ፤ 240,000 ለቆርቆሮ (ከወደቀው የሚቃናው ተቃንቶ፣ ያልተቀደደው ተመርጦ)፤ 180,000 ለሽቦ አልጋዎቹ ጥገና፤ 150,000 ደግሞ ዕቃውን ከጅማ ለማምጣትና ላልታሰበ ወጪ የተያዘ ነው። እስካሁን 312,000 ብር ገብቷል። ከዚህ ውስጥ የገበያ ቀን በበርበሬ መሸጫው በር ላይ በሣጥን የተሰበሰበ አለበት፤ አሥር ብር ያስገቡ እናቶች ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። የቀረው 1,148,000 ብር ነው።

ሒሳቡ የቀድሞው ነው፣ አልተቀየረም። በማኅበሩ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተከፈተው፣ በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዥዋና በሒሳብ ሹሙ ሦስት ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ ላይ ይገኛል፤ ደብዳቤው ለእያንዳንዱ የግሩፕ አስተባባሪ ደርሷል። ከማስገባታችሁ በፊት የማኅበሩን ስም አንብቡ፤ የሚመጣው ስም የግለሰብ ከሆነ አታስገቡ፣ ደውሉልን።

ይህ ሥራ የእምነት ቤቶቻችን ሁሉ ሥራ ነው። ጣሪያው በወደቀ በሳምንቱ ፍርስራሹን ያነሱት የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ከመስጊዱ ጀመዓ ጋር ሆነው ነው፤ ቡናውን ያፈላችው ደግሞ የጸሎት ቤቱ የእናቶች ኅብረት ነበረች። አሥራቱን ለድኻ ማዋል የሚፈልግ፣ ሰደቃው ሳይቋረጥ እንዲያገለግል የሚሻ፣ ይህን ያስብበት። በሃይማኖት ጉዳይ ላይ መናገር የእኛ ድርሻ ባይሆንም፣ እናቶቹ ከዚህ በፊት ቅጠል ይዘው መጥተው በሩ ተዘግቶ ሲመለሱ ያየ ሰው ይህን ለመናገር ይገደዳል። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሰሶ ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። በያጅና አናጺ የሆናችሁ ልጆቻችን፣ አንድ ቀን በነጻ ብትሰጡን ከሠራተኛው በጀት ላይ የሚቀነሰው ብዙ ነው።

ጊዜው ይህን ይመስላል። ብረቱ ጥቅምት ውስጥ ካልተገዛ ብየዳው ወደ ኅዳር ይገፋል፤ ጣሪያው ታኅሣሥ ሳያልቅ ካልለበሰ የጥር ጉንደላ ቅጠል እንደ ድሮው ማሳ ላይ ይቃጠላል። የብረት ሻጩ የሰጠን ዋጋ እስከ ጥቅምት 15 ብቻ የሚጸና ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ኃላፊነት አልወሰደም፣ በአሁኑ ገበያ አንፈርድበትም።

በድጋሚ፦ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በማኅበሩ ስም፣ ቁጥሩ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ላይ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉት እንጂ ወደ ማንም ሰው ስልክ አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ስልክ ቢሆንም እንኳ። ከዓረብ አገርም ከአሜሪካም የምትልኩ በባንክ በኩል ብቻ አድርጉት፣ ሰው በሰው የሚመጣ ገንዘብ አንቀበልም፤ ደረሰኝ ልንቆርጥለት አንችልምና። ካስገባችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለአስተባባሪያችሁ ላኩ፤ ስማችሁ እንዲነበብ የማትፈልጉ «ስም አይጠቀስ» ብላችሁ ጻፉበት። የገባው ሁሉ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በግሩፖቹ ላይ ይነገራል፤ የላካችሁት በዝርዝሩ ላይ ካላያችሁት እስከ ሰኞ ሳትቆዩ ደውሉ።

የማኅበሩ የግንባታና የሀብት አሰባሳቢ ኮሚቴ
መስከረም